ዱላውን አንስቶ የሚጠብቀው ሰውዬ

ሰላም ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬም ብቻዬን ነኝ። ቡናዬን ይዤ ቁጭ ብያለሁ። ድምፄ ጎርነን ካለባችሁ ጉንፋን እንዳይመስላችሁ። ትናንት እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት ከአንዲት ሴትዮ ጋር ስጣላ ነው ያመሸሁት። ሴትዮዋ ያለችው ጌም ውስጥ ነው። ወደ እሷ በኋላ እመለሳለሁ።

ዛሬ ማውራት የፈለግኩት ስለ ድብድብ ነው። ኦፕን ወርልድ በሚባሉት፣ ሰይፍና አስማት፣ ድራጎንና ግንብ ባለባቸው፣ ካርታቸው ተሂዶ በማያልቅ ጌሞች ውስጥ ስላለው ድብድብ። ሰው ሁሉ "ይሄ ከባድ ነው፣ ያኛው ቀላል ነው" ይላል። ምኑ ነው የሚከብደው ግን? ይሄ ጥያቄ ሰሞኑን አልለቅ ብሎኛል።

እኔ ጌም የለመድኩት ሰፈር ፕሌይስቴሽን ቤት ነው። የቆርቆሮ በር፣ ሁለት ቴሌቪዥን፣ አንድ አግዳሚ። በጨዋታ ነው የሚከፈለው። የተሸነፈ ይነሳል፣ ያሸነፈ ይቀጥላል። እዚያ ቤት ከኳስ ሌላ ጌም ማን ያስነካሃል? ወረፋ የያዙ ስምንት ልጆች ከኋላህ ቆመው ጫካ ውስጥ አበባ ስትለቅም ሊጠብቁህ ነው? ስለዚህ አርፒጂ የሚባለውን፣ አንድ ገጸ ባሕርይ ሆነህ እያሳደግከው የምትጫወተውን ጌም ያወቅኩት ዘግይቼ ነው፤ ሥራ ይዤ ያገለገለ ኮምፒውተር ስገዛ።

የመጀመሪያዬ ስካይሪም ነበር። ጌሙ የወጣው በፈረንጆቹ ኅዳር 2011 ነው፤ እኔ እጅ የገባው ከዓመታት በኋላ። እንዴት እንደወደድኩት! ከዋሻ ስወጣ ያ ሁሉ በረዶና ተራራ ሲታየኝ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። እስካሁንም ከሁሉም አብልጬ የምወደው ጌም እሱ ነው። ይሄን አስቀድሜ የምናገረው ቀጥሎ ስለማማው ነው።

ድብድቡ እንጨት ፈለጣ ነው። እውነቴን ነው። ሰይፍህን ታወዛውዛለህ፣ እሱም ያወዛውዛል፣ የማን ደም ቀድሞ ያልቃል ነው ነገሩ። ደምህ ሊያልቅ ሲል ቦርሳህን ትከፍታለህ፤ ጌሙ ቀጥ ይላል። ድራጎኑ አየር ላይ እንደተንሳፈፈ፣ እሳቱ ከአፉ ሊወጣ እንደደረሰ ይጠብቅሃል። አንተ ደምህ እንዲሞላ ተረጋግተህ ሃያ ቁራጭ አይብ ትበላለህ። ከዚያ ትቀጥላለህ። እኔ አንድ ጊዜ በአንድ ውጊያ መሀል የበላሁትን ብቆጥረው ለሰርግ ይበቃ ነበር።

ከዚያ "ቀለለኝ" አልኩና ዲፊከልቲውን፣ የክብደት ደረጃውን ማለቴ ነው፣ ወደ መጨረሻው ከፍ አደረግኩት። ሌጀንደሪ ይባላል። እስቲ ምን እንደሚሆን ተመልከቱ። አንተ የምትመታው ወደ አንድ አራተኛ ይወርዳል። አንተን የሚመቱህ ደግሞ ሦስት እጥፍ ይሆናል። በቃ፣ ይሄው ነው። ሽፍታው አዲስ ነገር አልተማረም። በጎን አይመጣብህም፣ ጓደኛውን አይጠራም፣ ስታጠቃው ወደ ኋላ አይልም። ያው የድሮው ሽፍታ ነው፤ ድሮ በአራት ምት የሚወድቀው አሁን አሥራ ስድስት ይፈልጋል። እንጨቱ ወፈረ እንጂ ፈለጣው አልተለወጠም።

ታዲያ ሰው ምን ያደርጋል? ይደበቃል። ጨለማ ውስጥ አጎንብሶ ቀስት ይወረውራል። ስካይሪም የተጫወተ ሰው ጠይቁ፤ አስማተኛ ሆኜ ነው የጀመርኩት ይላል፣ ጋሻ ጃግሬ ነበርኩ ይላል፣ ሁሉም መጨረሻው ጨለማ ውስጥ የሚያደባ ቀስተኛ ነው። እኔም አልቀረልኝም። ጌሙ ሰይፉን አሰልቺ ስላደረገው ነው እንጂ ማናችንም ተፈጥሯችን አድፋጭ ሆኖ አይመስለኝም።

በዚያ ላይ መብራት አለ። ማለቴ መብራት የለም። የእኔ ኮምፒውተር ባትሪ የሌለው የጠረጴዛ ነው። አንድ ማታ ሜዳ ላይ አንዱን ድራጎን ግማሽ ሰዓት ሙሉ ስፈልጠው ቆይቼ፣ ሊወድቅ አንድ ቀስት ሲቀረው ድው! ሰፈሩ ሁሉ ጨለመ። ሴቭ አላደረግኩም። ጨለማው ውስጥ ቁጭ ብዬ ያሰብኩት ምን መሰላችሁ? ጨርሶ አለመናደዴን ነበር። ያን ድራጎን እንደገና ለመግጠም አልጓጓሁም፣ አልፈራሁትም። ሥራ ነበር። እንደገና የሚሠራ ሥራ።

ከስካይሪም በፊት የነበረው ታላቁ፣ ኦብሊቪየን፣ ሌላ ጉድ አለው። በ2006 የወጣ ነው። እዚያ አንተ ባደግክ ቁጥር ዓለሙ ሁሉ አብሮህ ያድጋል። ሀሳቡ ገብቶኛል፤ የትም ብትሄድ የሚመጥንህ ጠላት እንድታገኝ ነው። ውጤቱን ግን ተመልከቱ። ብዙ ሰዓት ለፍተህ ጀግና ሆነሃል። መንገድ ላይ አንድ ተራ ቀማኛ ያስቆምህና "ወይ ገንዘብህን ወይ ነፍስህን" ይልሃል። የሚፈልገው 100 ወርቅ ነው። የለበሰው ጥሩር ግን ተሽጦ ቤት ይገዛል! ወንድሜ፣ ጥሩሩን ሸጠህ አርፈህ አትኖርም? እዚህ ላይ ሁሌ እስቃለሁ። ግን ሳቁ ሲያልፍ አንድ የሚያስከፋ ነገር አለው። ሁሉም እኩል አብሮህ ካደገ፣ አደግክ ማለት ምን ማለት ነው? ደሞዝ ጨመረ ሲባል ሽንኩርትና ዘይት አብረው እንደሚጨምሩት።

ዊቸር 3 ላይ ብዙ አልቆይም፤ ታሪኩን ሁሉም አውርቶታል። አንድ ነገር ብቻ። ፖላንዶቹ በ2015 ሲያወጡት ከላይ ያሉትን ሁለት የክብደት ደረጃዎች ሲሠሩ ቁጥር ብቻ አልቀየሩም። በቀላሉ ደረጃ የጌሙ ጀግና ጌራልት ቁጭ ብሎ ሲያሰላስል ደሙ ይሞላል። በከባዱ አይሞላም። ይቺ ትንሽ ነገር አጨዋወቴን ገለበጠችው። ምግብ መያዝ ጀመርኩ። ወንዝ ዳር ካሉት አስቀያሚ ፍጥረቶች ጋር ከመግጠሜ በፊት ስለ እነሱ የተጻፈውን አነበብኩ፣ ሰይፌን በሚፈሩት ቅባት ቀባሁ። ለካ ጭራቅ አዳኝ የሚባል ሙያ አለ! በቀላሉ ደረጃ ሠላሳ ሰዓት ስጫወት ሙያው እንዳለ አላወቅኩም ነበር። ክብደት እንዲህ ሲሆን ደስ ይላል።

አሁን ወደ ኤልደን ሪንግ ልምጣ።

በ2022 የካቲት የወጣ ነው፤ የጃፓኖቹ የፍሮም ሶፍትዌር። ክፍት ዓለም ውስጥ ገና ብቅ ስትል ወርቅ የለበሰ ፈረሰኛ መንገዱ ላይ ወዲያ ወዲህ ይላል። እኔ ከስካይሪም የመጣሁ ሰው ነኝ፤ መንገድ ላይ የቆመ ሁሉ ለእኔ ተመጥኖ የተቀመጠ ይመስለኛል። ሄድኩበት። ሁለት ሰከንድ። ተመለስኩ። ሦስት ሰከንድ። እድገት ነው ብዬ ተመለስኩ። ሰባት ጊዜ ነው የሞትኩት፤ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። በስምንተኛው ጊዜ ዛፍ ለዛፍ ተሽሎክሉኬ አለፍኩት። ማንም አልከለከለኝም። ፈረሰኛው እዚያው ቀረ፣ እኔም መንገዴን ቀጠልኩ።

ያን ቀን ነው አንድ ነገር የገባኝ። ዓለሙ ክፍት የሆነው ተራራ ለማየት ብቻ አይደለም። መሸሽ እንድትችል ነው።

ግን እውነተኛው ትምህርቴ ማርጊት ነው። ግንቡ በር ላይ፣ ድልድዩ ላይ የሚጠብቅ፣ ረጅም ጠማማ ዱላ የያዘ፣ ቀንድ በቀንድ የሆነ ሰውዬ። ሁለት ሳምንት ገደለኝ። ከሥራ እገባለሁ፣ እራት እበላለሁ፣ እሞታለሁ፣ እተኛለሁ። እናቴ ቡና ይዛ ስታልፍ ስክሪኑን አየት ታደርግና "ዛሬም ይሄው ሰውዬ ነው?" ትለኛለች። "አዎ እማዬ፣ ዛሬም።" "ምን አድርገኸው ነው?"

ታናሽ እህቴ ጌም ነክታ አታውቅም። አንድ እሁድ ፀጉሯን እየተሠራች አጠገቤ ተቀምጣ ስታየኝ ቆየች። አምስተኛው ሞቴ ላይ እንዲህ አለች፦

"እሱ እኮ አይደለም የሚገድልህ።"

"እና ማነው?"

"ዱላውን አንስቶ ይጠብቅሃል። አንተ ገና ሲያነሳው ልታመልጥ ትንከባለላለህ። ስትነሳ ያኔ ያወርድልሃል።"

ጆይስቲኩን አስቀምጬ አየኋት። ከዚያ ገባሁና ምንም ሳልመታ ዝም ብዬ ሰውዬውን አየሁት። ልክ ናት። ዱላውን በሁለት እጁ ከጭንቅላቱ በላይ ያነሳና ይዞ ይቆማል። አንድ... ሁለት... እጄ ቁልፉን ልጫን ልጫን ይለኛል። ሰውዬው የሚያጠቃው ሰውነቴን ሳይሆን ትዕግስቴን ነው። ሌሎቹ ጌሞች ዱላ ሲነሳ ወዲያው እንደሚወርድ አስለምደውኛል፤ ይሄኛው ያን ልማዴን ያውቃል። የሠራው ሰው፣ ሚያዛኪ፣ እኔን ድልድዩ ላይ ቆሞ የሚያየኝ መሰለኝ።

በዚያ ቀን አሸነፍኩ ብላችሁ ደስ ባለኝ። አላሸነፍኩም። ግን ሄድኩ። ግንቡን ጥዬ ወደ ደቡብ፣ የልቅሶ ልሳነ ምድር ወደሚሉት ዝናባማ አገር ወረድኩ። ዋሻ ገባሁ፣ ድንጋይ ለቀምኩ፣ ሰይፌን አጠነከርኩ፣ ሌቭል ጨመርኩ። ከሳምንት በኋላ ድልድዩ ላይ ስመለስ ዱላው ሲነሳ ቆምኩ። ጠበቅኩ። ሲወርድ ተንከባለልኩ። ከዚያ መታሁት።

የቱ ነው ያሸነፈው፣ ሰይፉ ነው ወይስ ዓይኔ? ሰዎች በዚህ ይጣላሉ። "ሌቭል ጨምረህ መመለስ ማጭበርበር ነው" የሚሉ አሉ። ከጎንህ የሚዋጋ መንፈስ ጠርቶ መታገዝም እንደዚያው ነው ይላሉ። እኔ አይመስለኝም። ሰይፌ ቢጠነክርም ዱላውን ሳልጠብቅ ብገባ ኖሮ ያው ነበር። መጠበቅ ችዬ ሰይፌ ባይጠነክር ደግሞ ሌላ ሁለት ሳምንት ይፈጅብኝ ነበር። ጌሙ ምርጫውን ለእኔ ተወው። ሜኑ ውስጥ የሚጎተት የክብደት ቁልፍ የለውም፤ ቁልፉ ካርታው ነው። ከበደህ? ሂድ፣ ሌላ ቦታ ኑር፣ ስትፈልግ ና።

የማይመቸኝም አለ፣ ልናገር። ጌሙ አይቆምም። ሜኑ ብትከፍት ጠላቱ ይመታሃል። እናቴ ጋዝ አንሳልኝ ብላ ስትጠራኝ "አንድ ደቂቃ!" እያልኩ ስንት ጊዜ ሞቻለሁ። ልጅ ያለው ሰው፣ በር የሚንኳኳበት ሰው፣ እንዴት ይጫወተው? ይሄ ክብደት ሳይሆን ግትርነት ነው የሚመስለኝ። ከስካይሪም አይብ ግማሹን ቢሰጡን ምን ነበረበት?

እና ሴትዮዋ። ማሌኒያ ትባላለች። ጌሙን ለመጨረስ እሷን ማሸነፍ ግዴታ አይደለም፤ ፈልጌ ነው የሄድኩት። ሰይፏ ባረፈብህ ቁጥር የራሷ ደም ይሞላል። ትናንት ከሞትኳቸው ሞቶች አንዱን በቪዲዮ ቀረጽኩና በቴሌግራም ለእህቴ ላክሁላት። አሁን አግብታ የራሷ ቤት ነው የምትኖረው። እኔ ትልቅ ጋሻ ይዤ ምቱን ሁሉ እመክታለሁ፣ ኮርቼበታለሁም፣ ደሟ ለምን አልቀንስ እንዳለኝ ግን ግራ ገብቶኛል።

ጠዋት መልሷን አየሁት። አንድ መስመር ናት። "ጋሻህን ስትመታውም እኮ ደሟ ይሞላል፣ አላየህም?"

ማታ ያለ ጋሻ እገባለሁ። መብራት ካለ።

ቸር ሰንብቱ።