ጣሪያው ይቅደም፦ ለማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ የቀረበ የመክፈቻ ንግግር

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ የምድር ባቡር ጡረተኞች አባቶቻችንና እናቶቻችን፣ ጥሪያችንን አክብራችሁ የመጣችሁ እንግዶች፣ እንደምን አደራችሁ። እንኳን በደኅና መጣችሁ። አዳራሹን ያለ ኪራይ ለፈቀዱልን፣ ቡናውን ላሰናዱልን እኅቶቻችን፣ ከድሬዳዋ ድረስ በአውቶቡስ ተጉዘው ለደረሱት ወንድሞቻችን ምስጋናችን የላቀ ነው። በዓመቱ በሞት የተለዩንን ነፍስ ይማር ብለን ቆመን አስበናል። አሁን ወደ ጉዳያችን ልግባ።

የአሮጌውን የጅቡቲ አዲስ አበባ የባቡር መስመር ታሪክ ለእናንተ መተረክ ለቀባሪው ማርዳት ነው። ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ የመጡ ወጣቶች ስላሉ ግን ባጭሩ ላንሳ። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ ፈቃዱን የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነው። ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተነሣ፤ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ። የመጀመሪያው ኩባንያ ከሰረ፣ ሌላ ተተካ፣ በ1909 ዓ.ም. ባቡሩ አዲስ አበባ ገባ። ከባሕር ጠረፍ ተነሥቶ ከ2,300 ሜትር በላይ የሚወጣ፣ 784 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም፣ ስፋቱ አንድ ሜትር ብቻ የሆነ ሐዲድ ነው። ድሬዳዋን ከተማ ያደረጋት እርሱ ነው። ቸርችል ጎዳና ታች ጫፍ ላይ የምታዩት የለገሃር ጣቢያ ሕንፃ የተመረቀው በ1922 ዓ.ም. ነው፤ ባቡሩ ሕንፃውን ሳይጠብቅ ከዐሥር ዓመት በላይ ሰውና ዕቃ ሲያመላልስ ቆይቷል። ይህን መስመር የሠሩትና ያንቀሳቀሱት እጆች ዛሬ እዚህ አዳራሽ ውስጥ መኖራቸው ለእኛ ትልቅ ክብር ነው።

የዓመቱን ሥራ በተመለከተ፦ ከጡረተኞች ቤት የተሰበሰቡ ፎቶግራፎች በየጣቢያው ተለይተው ተቀምጠዋል። የእጅ ፋኖሶቹ ጸድተው መለያ ተለጥፎባቸዋል። ተማሪዎች ለገሃርን እየዞሩ ጎብኝተዋል። ዝርዝሩ በእጃችሁ ባለው ወረቀት ላይ አለ፤ አላነበውም።

ከዚህ በኋላ የምናገረው ዓመቱን ሙሉ ሥራ አስፈጻሚውን እንቅልፍ ስለነሣው ነገር ነው። የፉርጎዋ ጉዳይ። በጥበቃችን ሥር ያለችው የመንገደኛ ፉርጎ ክረምት ከበጋ ሜዳ ላይ ቆማለች። ያለን ገንዘብ ለሁለት ሥራ አይበቃም። ከመካከላችን ገሚሱ «መጀመሪያ ትንቀሳቀስ፤ ሰው ስትሄድ ካየ እጁን ይዘረጋል» ይላል። ገሚሱ «መጀመሪያ ጣሪያዋ ይጠገን» ይላል። ስብሰባ በስብሰባ ላይ ተደረበ፤ ቃለ ጉባኤ ተጻፈ፣ ተፈረመ፣ ተመልሶ ተሻረ። ውሃው ግን ውሳኔያችንን አልጠበቀም።

«ትንቀሳቀስ» የሚሉትን አከብራለሁ። ፉርጎ የተሠራው ለመሄድ እንጂ ለመገተር አይደለም፤ ይህ ምኞት የሁላችንም ነው። ነገር ግን ምኞቱ የሚጠይቀውን ሥራ ፊት ለፊት እናስቀምጠው።

በመጀመሪያ «በአዲሱ መስመር ላይ ትሂድ» የሚለው ሐሳብ ከዛሬ ጀምሮ ይዘጋ። መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የአዲስ አበባ ጅቡቲ መስመር በሁለቱ ሐዲዶች መካከል 1,435 ሚሊ ሜትር አለው። የእኛ 1,000 ሚሊ ሜትር ነው። ልዩነቱ 43 ሳንቲ ሜትር ተኩል ነው። ዘንጉን አስረዝሞ የሚታለፍ ነገር አይደለም፤ መንኮራኩሩ፣ ዘንጉ፣ ዘንጉን የሚሸከመው ቋሚ ብረት፣ ፍሬኑ፣ ሁሉም ለሜትር ሐዲድ የተሠራ ነው። ይህን ሁሉ ከለወጥን የምትቀረን ሌላ ፉርጎ ናት። በዚያ ላይ አዲሱ መስመር በ25,000 ቮልት ኤሌክትሪክ የሚሠራ የንግድ መስመር ነው፤ ፍሬንዋና ማያያዣዋ ከሌላው ጋር የማይገጥም አሮጌ ፉርጎ የሚያስገባበት ምክንያት የለውም።

ቀጥሎ ያለው ሐሳብ በቆመችበት ቁራጭ ሐዲድ ላይ ወዲህና ወዲያ እንድትጎተት ነው። ይህ የሚቻል ነው፤ ቅድመ ሥራው ግን ረጅም ነው። ከሐዲዱ ሥር የተጋደሙት ብረቶች አፈር ውስጥ ተቀብረው ከሥር በኩል ዝገዋል፤ ከላይ ሲታዩ ደኅና ይመስላሉ፣ በመዶሻ ሲመቱ ይሰነጠቃሉ። ብሎኑ ሲላላ ሐዲዱ በክብደት ወደ ውጭ ይገፋል። ስለዚህ መጀመሪያ አፈሩ ተጠርጎ፣ ጠጠሩ ወጥቶ ታጥቦ፣ የሐዲዱ ስፋት በየሁለት ሜትሩ ከውስጥ ጠርዝ እስከ ውስጥ ጠርዝ መለካት አለበት። ጥቂት ሳንቲ ሜትር ከሰፋ መንኮራኩሩ ሐዲዱን ለቆ መሐል ይወድቃል፤ የወደቀች ፉርጎ ለማንሣት የሚከፈለው የክሬን ኪራይ ካዝናችንን ያራግፈዋል።

ከዚያ የዘንጉ ጫፍ አለ። በየዘንጉ ጫፍ ባለው ሳጥን ውስጥ የነበረው ዘይት ደርቋል ወይም ከውሃ ጋር ተቀላቅሏል። ፉርጎዋ ለዓመታት በአንድ ቦታ ስለቆመች ኩሺኔታውና ዘንጉ በሚነካኩበት ቦታ ላይ ዝገት ጉድጓድ ይሠራል። ሳጥኑ ሳይከፈት ከተጎተተች ያ ጉድጓድ ኩሺኔታውን ይፍቀዋል፣ ይሞቃል፣ በመጨረሻም ዘንጉን ራሱን ይበላዋል። ትክክለኛው መንገድ፦ መንኮራኩሮቹ በሁለቱም በኩል በታኮ ይያዛሉ፤ ክሪኩ ከዋናው የብረት ቋሚ፣ ማለትም ከወለሉ በታች ገላዋን ከሚሸከመው ብረት ሥር ይገባል እንጂ ከገላዋ ሥር አይገባም፤ ሳጥኑ ተከፍቶ አሮጌው ዘይት ይፈስሳል፣ በላምባ ይታጠባል፣ ዘንጉ በጣት ይዳሰሳል። ጥፍር የሚይዝ ጉድጓድ ካለ ወደ ቶርኖ ቤት ይሄዳል። ስምንቱም ሳጥኖች እንዲህ መታየት አለባቸው። በአንዱ ላይ ተስፋ አድርጎ ማለፍ አይፈቀድም።

የፍሬኑ ጎማ ቱቦዎችም ደርቀው ተሰነጣጥቀዋል። በጥር 1977 ዓ.ም. አዋሽ አጠገብ ባቡሩ በፍጥነት ኩርባ ላይ ገብቶ ሐዲዱን ሲስት ከ400 በላይ ሰው አልቋል። ያን መስመር የምናከብር ሰዎች ፍሬኗ ያልተፈተሸ ፉርጎ ላይ ልጆች አሳፍረን ለትርኢት አንጎትትም። በዚህ ጉዳይ ሊቀመንበር ሆኜ እስካለሁ ድረስ አልፈርምም።

አሁን ወደ ጣሪያው። የጣሪያው ላሜራ የተበላው በዋናነት ሁለት ቦታ ላይ ነው፤ ላሜራ ከላሜራ በሚደራረብበት መገጣጠሚያና ከአሸንዳው ሥር። ከዚያ የገባው ውሃ በጎን ግድግዳው ውስጥ ይወርድና ከወለሉ ጣውላና ከብረቱ ቋሚ መካከል ይተኛል። ከላይ ጣሪያ ሲያፈስ የሚሞተው ከታች ያለው ዋና ብረት ነው፤ እርሱ ከተበላ ደግሞ «ትንቀሳቀስ» የሚለውም ወገን የሚያንቀሳቅሰው ነገር አይኖረውም። ክርክሩን ለእኔ የሚዘጋው ይህ ነው።

ባለፈው ክረምት የተጣለው ሸራ አልጠቀመም፤ ምክንያቱንም ሁላችን ልናውቀው ይገባል። ሸራው በቀጥታ ጣሪያው ላይ ተነጠፈ። ቀን ፀሐይ ሲመታው ከሥሩ ያለው እርጥበት ይነሣል፣ ሌሊት ተመልሶ ላሜራው ላይ ይንጠባጠባል፤ ከዝናቡ ያልተናነሰ ውሃ አጠጣነው። ገመዱም በመስኮት ክፈፎች ላይ ስለታሰረ ነፋስ ሲነሣ ሁለት ክፈፍ ነቀለ። ዘንድሮ በጣሪያው ላይ የእንጨት ወራጅ ተደርጎ ሸራው ከላሜራው ቢያንስ አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ ይወጠራል፤ ሁለቱ ጫፎች ለአየር ክፍት ይሆናሉ፤ ገመዱ ከታች ከብረቱ ቋሚ ጋር ይታሰራል። ሸራው ከመወጠሩ በፊት የወለሉ ማፍሰሻ ቀዳዳዎች ከአቧራና ከቅጠል በሽቦ ይጠረጋሉ።

ቋሚው ጥገና እንዲህ ነው። የተበላው ላሜራ ተቆርጦ በብየዳ ይተካል። ብየዳው አጠገብ ያለው ጣውላ ቀድሞ ይነሣል፤ አንድ ሰው ውሃ ይዞ ከውስጥ ይቆማል፤ ብየዳው ካለቀም በኋላ ቢያንስ አንድ ሰዓት ሳይሄድ ይጠብቃል፣ ምክንያቱም ደረቅ እንጨት ውስጥ የገባ ብልጭታ ቆይቶ ነው የሚነሣው። ዝገቱ በሽቦ ብሩሽ ብረቱ እስኪያበራ ይፋቃል፣ በአኳራጅ ይወለወላል፣ በዚያው ቀን አንቲረስት ይቀባል። «ነገ እንቀባለን» የተባለ ብረት በነጋታው ዝጎ ይጠብቃል። ዝገት ላይ የተቀባ ቀለም በአንድ ክረምት አብጦ ይላጣል። ጣሪያው ርዝመቱ 14 ሜትር፣ ከጎን እስከ ጎን ቁልቁለቱን ጨምሮ ሦስት ሜትር ነው፤ 42 ካሬ ሜትር ማለት ነው። አንድ ሊትር ዐሥር ካሬ ያህል ስለሚሸፍን ሁለት ዙር አንቲረስት ከስምንት እስከ ዘጠኝ ሊትር ይፈልጋል፤ ለብክነት ሁለት ሊትር ይጨመር። የላይኛው የዘይት ቀለምም ያንኑ ያህል ነው። በመገጣጠሚያው ላይ ሲልከን መለጠፍ መፍትሔ አይደለም፤ አሮጌ ቀለም ላይ አይይዝም፤ ከሥሩም ውሃ ይቋጥራል።

የመስኮቶቹ እንጨት ከታች ጥግ በኩል በስብሷል። በወስፌ ሲወጋ የሚገባው ሁሉ ተቆርጦ በደረቅ እንጨት ይቀጠል እንጂ በስቱኮ አይሸፈን። ጤነኛው እንጨት በብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ የተልባ ዘይት ይጠጣል፤ የመጀመሪያው ዙር ግማሽ በግማሽ ከአኳራጅ ጋር፣ ከዚያ ዘይቱ ብቻውን፣ በጣም ስስ ተደርጎ። ትርፉ ካልተጠረገ ለቀናት ይጣበቃል፣ አቧራም ይለብሳል። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ በተልባ ዘይት የራሰ ጨርቅ ተጠቅልሎ ጥግ ከተጣለ በራሱ ጊዜ ሞቆ እሳት ይይዛል። ጨርቁ ውሃ ባለበት ባልዲ ውስጥ ይገባል፣ ወይም ሜዳ ላይ ተዘርግቶ ይደርቃል። ፉርጎዋ ውስጥ ጨርቅ ትቶ የሚወጣ ሰው ሥራ ላይ እንዳይመለስ እጠይቃለሁ።

ይህ ሁሉ የሚሠራው በሰው ነው። እዚህ ላይ ልቤ ያዝናል። በሥራ ቅዳሜዎች የሚመጡት ፊቶች ዓመቱን ሙሉ እነዚያው ናቸው። ከእነርሱም አብዛኞቹ ጉልበታቸው የደከመ ጡረተኞች ናቸው፤ ሽቦ ብሩሹን የሚይዙት እነርሱ፣ መሰላሉ ላይ የሚወጡት እነርሱ። ወንበር ይዘው መምከር ያለባቸው አባቶች ጣሪያ ላይ ሲወጡ ማየት ያሳፍራል። ዛሬ እዚህ ያልተገኛችሁ አባላት ይህ ንግግር ተጽፎ ይደርሳችኋል። ስለ ፉርጎዋ ቀለም በስልክ ረጅም ሐሳብ የምትልኩልን፣ አንድም ቅዳሜ ግን ያልታያችሁ፣ እናንተን ነው የማናግረው። የቀለሟ ምርጫ የሚመጣው ጣሪያዋ ከዳነ በኋላ ነው። ብየዳ የምታውቁ፣ አናጢነት የምታውቁ በመካከላችሁ እንዳላችሁ መዝገቡ ይነግረናል። መዋጮ ያልከፈላችሁም ብዙ ናችሁ። ችግር ያለበት ሰው ይንገረን፣ አንጠይቀውም፤ ጉልበቱ ብቻ ይበቃናል። ዝም ማለት ግን ለእኛም ለእናንተም አይሆንም።

ሌላም እየጠፋብን ያለ ነገር አለ። የኩባንያው የሥራ ቋንቋ ፈረንሳይኛ ስለነበር በእጃችን ያሉት መዝገቦች የተጻፉት በዚያው ነው። የሚያነቡትና የሥራውን ትርጉም አብረው የሚያውቁት ጥቂት አረጋውያን ናቸው። በፋኖስ የሚሰጠው ምልክት፣ ከአዲስ አበባ ወደ ሞጆ ሲወረድ ፍሬኑ እንዴት ይያዝ እንደነበር፣ መተሐራ ላይ የበሰቃ ሐይቅ እየሰፋ ሲመጣ የሐዲዱ መደብ እንዴት ከፍ እንደተደረገ፣ እነዚህ በየትኛውም ወረቀት ላይ በሙሉ የሉም። ወጣቶች፣ ስልካችሁ ድምፅ ይቀዳል። አንድ አባት ቤት ስትሄዱ «ስለ ባቡሩ ይንገሩኝ» አትበሉ፤ ሰፊ ነው፣ መልሱ ይበተናል። «ጠዋት ሥራ ሲገቡ መጀመሪያ የሚነኩት ዕቃ ምን ነበር? ከዚያስ?» ብላችሁ ጀምሩ። ፎቶግራፍ ይዛችሁ ሂዱ። የድምፁን ቅጂ በዚያው ሳምንት ሁለት ቦታ አስቀምጡ። ተደራርቦ የተጣበቀ ፎቶግራፍ ካገኛችሁ በጉልበት አትለያዩት፣ እንዳለ አምጡልን።

ክረምቱ ሩቅ አይደለም። ሥራ አስፈጻሚው ዛሬ ለድምፅ የሚያቀርበው ውሳኔ አንድ ነው፦ በካዝና ያለው ገንዘብ ሙሉ በሙሉ ለጣሪያው፣ ለሸራውና ለወለሉ ማፍሰሻ ይዋል፤ የማንቀሳቀሱ ጥያቄ የዘንግ ሳጥኖቹ ተከፍተው ከታዩ በኋላ በሚቀጥለው ጉባኤ በአሐዝ ይቅረብ። የምትቃወሙ ካላችሁ እዚሁ ተናገሩ፤ ከወሰንን በኋላ ግን በየቤቱ አይከፈት።

በሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ የቅዳሜዎች መዝገብ ተዘርግቷል። ከሰኔ በፊት ወራጁን ለማቆምና ሸራውን ለመወጠር በአንድ ጊዜ ስድስት ሰው ያስፈልጋል፤ ሁለቱ ከላይ፣ ሁለቱ ከታች ገመድ ላይ፣ አንዱ መሰላሉን የሚይዝ፣ አንዱ ዕቃ የሚያቀብል። ጓንትና የአፍ መሸፈኛ ከእኛ፣ ወፍራም ጫማ ከእናንተ። ከቡናው በፊት ስማችሁን አስፍሩ። አሁን ገንዘብ ያዣችን የሒሳብ ሪፖርቱን ያቅርቡልን።