ሌሊት ዱቲ፣ ማታ ክላስ

(ምስል፦ ለገሃር፣ ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል። የታክሲ ሰልፍ።)

ይቺን ልጅ እዩዋት። ነጭ ጋውኗን በፌስታል ይዛለች። ሰው ሥራ ሊገባ ይጋፋል፣ እሷ አድራ መውጣቷ ነው። ታክሲው ሜክሲኮ ሳይደርስ እንቅልፍ ይዟት ይሄዳል። የሚቀሰቅሳት ረዳቱ ነው፤ «ሒሳብ!» ሲል። ማታ 11 ሰዓት ተኩል ደግሞ ክላስ አላት።

የነርስ ተማሪ ሲባል ብዙ ሰው ለፕራክቲስ የመጣችዋን ነው የሚያስበው። ሎግ ቡኳን፣ የልምምድ መዝገቧን፣ ታቅፋ ለፊርማ ሄድ ነርሷን፣ የነርሶቹን አለቃ፣ የምትከተለዋን። የኛዋ ሌላ ናት። በነርስ ሙያ ደረጃ 4 ጨርሳ፣ የብቃት ምዘናውን (ሲኦሲ) አልፋ፣ ግል ሆስፒታል ተቀጥራ ዲግሪዋን በኤክስቴንሽን ትማራለች። ከ2015 ወዲህ ደግሞ የመውጫ ፈተና አለ። 50 ከመቶ ካላመጣች ዲግሪ የለም።

እኔም እንደሷ ነበርኩ።

(ምስል፦ ዋርድ፣ ሌሊት። አንድ አምፖል ብቻ በርቷል።)

አንድ ቀን ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ግሉኮስ ልቀይር ተነሳሁ። ከረጢቱን ይዤ መሃል ላይ ቆምኩ። የየትኛው አልጋ እንደሆነ ጠፋኝ። አንዲት አስታማሚ እናት «ሲስተር፣ የኛ መሰለኝ ልጄ» አሉኝ። ካርዱን ድጋሚ አይቼ ሰቀልኩት። የሳቸው ነበር። እጄ ግን እስኪነጋ ተንቀጠቀጠ።

ስንፍና አልነበረም። 17 ሰዓት ያልተኛ ሰው ሲፈተን ንቃቱና ቅልጥፍናው በደሙ 0.05 ከመቶ አልኮል እንዳለበት ሰው ይወርዳል። እኔ ያን ቀን ስንት ሰዓት እንደሆነኝ መቁጠር አልፈለግኩም።

ሕግ የለም እንዳትሉ። ለግል ሆስፒታል የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 አለ። በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ይላል። ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 የተሠራ ትርፍ ሰዓት በ1.75 ተባዝቶ ይከፈላል። ጥሩ ነው። ሕጉ ግን ሐሙስ ፋርማኮሎጂ ፈተና እንዳለብሽ አያውቅም። ያንን የምታውቀው ሄድ ነርሷ ናት።

ለዚህ ነው ሥራውን የሚያስጠላው በሽተኛው አይደለም የምለው። እንዲያውም ማታ ክላስ የሰማሁትን መድኃኒት ሌሊቱን አልጋ 6 ላይ ሳገኘው ደስ ይለኝ ነበር። የሚያስጠላው ግድግዳ ላይ የሚለጠፈው ስኬጁል ነው። ሲለጠፍ ሁላችንም በስልክ ፎቶ እናነሳለን፣ ከዚያ ልመናው ይጀመራል። «አንዷን ናይት ያዥልኝ፣ በዓሉን እይዝልሻለሁ።» እኔ ለአንድ ፋይናል ፋሲካን ሸጫለሁ። የገዛችኝ ጓደኛዬ ፋሲካን ነጻ ወጣች፤ ሁለታችንም አተረፍን።

(ምስል፦ የነርሶች ክፍል፣ ሁለት ወረቀት ጎን ለጎን።)

ቀጥላ የመጣችው ሄድ ነርስ ግን በወሩ መጀመሪያ የክላስ ፕሮግራማችንን ሰበሰበች። ከስኬጁሉ አጠገብ ለጠፈችው፣ ናይቱንም እያየች መደበች። ነርስ አልተጨመረም፣ ብርም አልተጨመረም። መልቀቂያዬን ጽፌ ቦርሳዬ ውስጥ ይዤ እዞር ነበር። ያን ሴሚስተር ጀርባውን የመድኃኒት ስም ማጥኛ አደረግኩት።