ያልተነካች

ጤና ይስጥልኝ። ደሴ፣ ሆጤ ነው ያለሁት። ዝናቡ ገና አሁን ጋብ ማለቱ ነው፤ ከቆርቆሮው ላይ ሲንጠባጠብ ከሰማችሁ ይቅርታ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነኝ።

ባለፈው ቅዳሜ ኮምቦልቻ ወርጄ ነበር። አንድ ደላላ ደውሎ፣ "ኦርጅናል ቮልስ ተገኝታለች፣ ምኗም አልተነካ፣ ቶሎ ናና እያት" አለኝ። ግቢው ስገባ ታብረቀርቃለች፤ ደማቅ ቀይ ናት። ገና ከበሩ ሆኜ ልቤ ቀዘቀዘ። የ50 ዓመት ዕድሜ ያላት መኪና እንደዚያ አታበራም። የበሯን ጎማ በጣቴ ገለጥ ሳደርገው ከስር ቢጫ አለ፤ ቢጫው ተሰነጣጥቆ ደግሞ ከእሱ ስር ነጭ ይታያል። ደላላው፣ "ቀለም ብቻ ነው የተቀባችው እንጂ ሞተሯ ወርዶ አያውቅም" አለኝ። ሰውየው ሊያታልለኝ አልነበረም። እሱ ኦርጅናል የሚለው ሌላ፣ እኔ የምለው ሌላ ሆኖ ነው። ወደ ደሴ የሚያስወጣውን የሐረጎን ዳገት ወጥቼ እስክጨርስ ድረስ ይቺን ቃል ሳብላላት መጣሁ።

ጋራዥ ውስጥ ኦርጅናል ሲባል ብዙ ጊዜ "ፎርጅድ ያልሆነ" ማለት ነው። ዕቃው የጀርመን ወይም የጣሊያን ከሆነ ኦርጅናል ነው፤ ትናንት ይግጠም ከፋብሪካ ይምጣ የሚጠይቅ የለም። አሮጌ መኪና የሚሰበስቡ ሰዎች ግን ቃሉን ያጠብቡታል። ለእነሱ ያልተነካ መኪና ማለት ቀለሙ፣ የወንበሩ ልብስ፣ ኒኬሉ፣ መስታወቱ፣ ሞተሩ ከፋብሪካ እንደወጣ እዚያው ላይ ያረጀ ነው። ጎማ፣ ባትሪ፣ ካንዴላ፣ ቺንጋ፣ የፍሬን ሸራ ቢቀየር አይቆጠርበትም፤ በሥራ የሚያልቅ ነገር ነው። ቀለም ግን አንዴ ከተፋቀ አለቀ። የፈለገ ጎበዝ ቀቢ ያንኑ ዓይነት ቀለም በጥብጦ ቢቀባው፣ ያ የእሱ ሥራ ነው እንጂ የፋብሪካው አይደለም።

የእኔ ቮልስ የአባቴ ነበረች። በፈረንጆቹ 1966 የተሠራች 1300 የሚባለው ሞዴል ናት። የሻንሲዋ ቁጥር የኋላውን ወንበር ስታነሱት መሃል ባለው ጉብታ ላይ ተመትቶ ይገኛል፤ የጎን መስታወቶቿ ጥግ ላይም "ሴኩሪት" የሚለው የጀርመኑ ጽሑፍ አለ። ከፋብሪካ ስትወጣ ኤሌክትሪኳ 6 ቮልት ነበር። የ6 ቮልት ባትሪ ከገበያ ሲጠፋ አባቴ ወደ 12 አስቀየራት። ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ካርቡራተሯም እንደመጣ አልቆየም። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ አየሩ ስስ ነው፤ ለቆላ የተስተካከለ ካርቡራተር እዚህ ቤንዚን ያበዛል፣ ካንዴላ ያጠቁራል። ስለዚህ መካኒኩ የቤንዚኑን ማለፊያ ጠበብ ባለ ቀየረው። እንግዲህ ይቺን መኪና ምን እንበላት? ተነክታለች? እኔ "በእነዚህ ለውጦች ኦርጅናልነቷ አልጠፋም" ለማለት እደፍራለሁ፤ ለምን እንደምል ደግሞ ልንገራችሁ።

ፊቫ የሚባል ዓለም አቀፍ የአሮጌ ተሽከርካሪዎች ፌዴሬሽን አለ። የተመሠረተው በ1966 ነው፤ የአባቴ መኪና በተሠራችበት ዓመት። ታሪካዊ ተሽከርካሪ የሚሉት ቢያንስ 30 ዓመት የሞላው፣ ታሪኩን በጠበቀ ይዞታ ላይ ያለ፣ ለዕለት ተዕለት መጓጓዣ የማያገለግል ነው። በፈረንጆቹ 2012 ያጸደቁት የቱሪን ቻርተርም ከማደስ ይልቅ ያለውን ጠብቆ ማቆየት ይቅደም ይላል። በዚህኛው እስማማለሁ። "ለዕለት ተዕለት የማያገለግል" የምትለዋ ግን አልተዋጠችልኝም። አባቴ በዚያች መኪና ትምህርት ቤት አድርሶናል፤ ምጥ የያዛት ጎረቤት ሐኪም ቤት ወስዶባታል፤ ከሰኞ ገበያ ጤፍ ጭኖባታል። እዚህ አሮጌ መኪና ለዛሬ የደረሰው ስለሠራ ነው። ቆሞ ቢሆን ኖሮ ዕቃው ተነቅሎ ሌላው ላይ ይገጠም ነበር። ስለዚህ 12 ቮልቱ ለእኔ የመኪናዋ ታሪክ ነው።

ይህን ያልኩት እኔ ብቻ አይደለሁም። ሆት ሮድ የሚባሉትን የአሜሪካ መኪኖች አስቡ። በፈረንጆቹ 1930ዎቹና 40ዎቹ ካሊፎርኒያ ውስጥ ወጣቶች ያረጀ ፎርድ በርካሽ ይገዙና፣ በተለይ የ1932ቱን ሞዴል፣ እንዲቀልላቸው ከጎማው በላይ ያለውን ፓራፋንጎ ይነቅላሉ፣ ጣራውን ቆርጠው ያሳጥራሉ፣ የቪ8 ሞተሩን ያጎለብታሉ፤ ከዚያ የደረቀ ሐይቅ ወለል ላይ ወስደው ይወዳደሩበታል። አሁን ከእነዚህ አንዱ ከአንድ ገበሬ ጎተራ ተገኘ እንበል። ቀለሙ ረግፏል፣ ወንበሩ ተቀድዷል። ኦርጅናሉ የቱ ነው? ፓራፋንጎ ገጥመህ ወደ ፎርድ ፋብሪካ ብትመልሰው ያን ልጅ ከታሪኩ ሰረዝከው። አዲስ ቀለም ቀብተህ ብታንጸባርቀውም ያው ነው። እዚህ መኪና ላይ ኦርጅናሉ ለውጡ ራሱ ነው፤ የመጋዙ ዱካ፣ ያ ልጅ በእጁ የበየደው ስፌት። ፔብል ቢች የሚባለው የታወቀው የአሜሪካ የአሮጌ መኪኖች የውበት ውድድር እንኳ በፈረንጆቹ 1997 ለሆት ሮዶች የራሳቸውን ምድብ ከፍቶላቸዋል።

ወደ ኮምቦልቻ ልመልሳችሁ። በዚያው ግቢ ጥግ ላይ አንድ ኤንትሬ ቆሟል፤ ያ የፊያት ጭነት መኪና። መሪው በቀኝ ነው። ደላላው ጎበዝ፣ "ይሄማ መሪው ተዛውሯል፣ ኦርጅናል አይደለም" አለ። ሌላው ልጅ ደግሞ፣ "የለም፣ እኛም በእኛ አቆጣጠር እስከ 1956 ድረስ በግራ እንነዳ ስለነበር ነው" ብሎ አረመው። ጥሩ ግምት ነበር፤ ግን እሱም አልሆነም። በአሰብ መስመር ዕድሜያቸውን የጨረሱ አንድ ሽማግሌ ሾፌር ከጎናችን ተቀምጠው ነበር። "ጋሼ፣ እርስዎ ይንገሩን" አልኳቸው። በምርኩዛቸው ወደ ሐረጎ አመለከቱ። "ጣሊያን በቀኝ እየነዳም ለከባድ መኪና መሪውን በቀኝ ነበር የሚያደርገው። የተራራ አገር ነው። ጎማህ ከገደሉ ስንት ስንዝር እንደቀረው በመስኮት አንገትህን አውጥተህ ታያለህ። እኔ ያንን ቁልቁለት በዓይኔ እየለካሁ ነው የወረድኩት።" ከዚያ ወደ ባቲና ወደ ሚሌ የወረዱበትን ሌሊት ማውራት ጀመሩ፤ ደላላውም ስልኩን ኪሱ ከትቶ ዝም ብሎ ሰማ። የማያውቅ ሰው እንዲህ ያለውን መኪና "ላስተካክልህ" ብሎ ሲነካው ምን እንደሚያጠፋ ያን ጊዜ አሰብኩ።

እኔም አጥፍቻለሁና።

አባቴ ክረምት ከበጋ የግራ ክንዱን በመስኮት አውጥቶ ነበር የሚነዳው። ከመስታወቱ ስር፣ በሩ ጠርዝ ላይ፣ ክንዱ የሚያርፍበት ቦታ አልቆ ነበር። ዳር ዳሩ ሰማያዊ፤ ወደ ውስጥ ሲገባ ግራጫው የስር ቀለም፤ መሃሉ ላይ በመዳፍ የምትሸፈን ራቁት ላሜራ። ዝገት አልነበረባትም፤ በየቀኑ ስለምትታሽ እንደ ቆየ ብር ትለሰልሳለች። ልጅ ሆኜ ከኋላ ተቀምጬ አንገቴን አሾልኬ እነካት ነበር፤ ፀሐይ ሲመታት ትሞቃለች።

አባቴ ካረፈ በኋላ በእኛ አቆጣጠር በ2009 እኅቴ ስታገባ ለሙሽራ ትሁን ብዬ አስቀባኋት። ቀቢዎቹ ሥራቸውን አሳምረው ሠርተዋል፤ ምንም አልላቸውም። እስከ ላሜራው ፍቀው፣ ስቱኮ ሞልተው፣ ነጭ አደረጓት። ግቢ ሳስገባት እናቴ ዙሪያዋን ዞረች። "አምራለች" አለች። ከዚያ በሾፌሩ በር በኩል ቆመች፣ ነጠላዋን ሰብሰብ አደረገችና ጠርዙን በመዳፏ ዳበሰችው። "የክንዱ ቦታስ?" አለችኝ። የምመልሰው አጣሁ። እስከ ዛሬም የለኝም።

ለዚህ ነው ያልተነካ የሚለውን ነገር የፋብሪካ ጉዳይ ብቻ አድርጌ የማላየው። 12 ቮልቱን ያስገባው ሰው መኪናዋን ሊነዳ ፈልጎ ነው፤ ከእሱ በፊት የነበረውን አልደበቀም። እኔ ግን ያረጀች እንዳትመስል ብዬ ነው ያስቀባኋት። ሁለቱም መንካት ነው፤ ለእኔ ግን አንድ ሆነው አያውቁም።

አሁን ከፋብሪካው ሰማያዊ የቀረኝ የኋላው ወንበር ስር ብቻ ነው፤ የሻንሲው ቁጥር ዙሪያ። ባትሪውም እዚያው ስለሆነ አሲዱ ወለሉን በልቶታል፤ ቮልስ ያላችሁ ታውቁታላችሁ። ላሜራ የሚሠራው ባትላሜራ አይቶት፣ "ግማሹን ወለል ቆርጠን አዲስ እናስገባ፣ ከዚያ ሙሉውን እንቀባልህ" አለኝ። በመዳፍ ልክ የበሰበሰውን ብቻ እንዲቆርጥ ለመንኩት። ሥራው እጥፍ ይሆንበታል፤ ሰማያዊው እሳት እንዳይነካው እርጥብ ጨርቅ እየደራረበ መበየድ አለበት። ትንሽ ተከራከረኝና እሺ አለ። "ቀለሙስ?" ሲለኝ አንቲሩጂኒ የሚባለውን የዝገት መከላከያ ቀለም ብቻ ቀብቶ እንዲተወው ነገርኩት፤ ነገ ወንበሩን የሚያነሳ ሰው የእኛ ላሜራ ከየት እንደሚጀምር በዓይኑ እንዲያየው። ማክሰኞ ጠዋት ይዣት እወርዳለሁ።