ይምርሐነ ክርስቶስ፦ ቤተ ክርስቲያኑም መንደሩም

የተከበራችሁ አባቶች ካህናት፣ እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣

እንኳን በደህና መጣችሁ። ጥቅምት 19 እየተቃረበ ነው። የይምርሐነ ክርስቶስ በዓል ሲደርስ አዲስ አበባ ያለነውም ልባችን ላስታ ነው። ስለ በዓሉ ድግስ ኮሚቴው ይነግራችኋል። እኔ የቆምኩት ስለ መንደራችን ለመናገር ነው።

አገራችንን ስንናገር ሰው ቶሎ የሚታየው ቤተ ክርስቲያኑ ነው። ከሥሩ ገበሬ፣ ዳገት፣ የገብስ ማሳ እንዳለ የሚያስብ ጥቂት ነው። ስሙ የንጉሡ ነው። ከላሊበላ በፊት የነገሠው፣ ካህንም ነበር የሚባለው የዛግዌ ንጉሥ። ገድሉ ቦታውን ውግረ ስሂን ይለዋል። ይህንንም ስም ልጆቻችን ይወቁት።

ቤተ ክርስቲያኑን ለእናንተ መግለጽ ድፍረት ነው፤ ግን እዚህ ተወልደው ገና ያላዩት ልጆች አሉና ልበል። እንደ ላሊበላዎቹ ከአለት አልተፈለፈለም። በአቡነ ዮሴፍ ተራራ ጎን፣ ትልቅ ዋሻ ውስጥ የታነጸ ነው። ግድግዳው አንድ ረድፍ እንጨት፣ አንድ ረድፍ በነጭ የተለሰነ ድንጋይ እያለ ይወጣል። የአክሱም ዘመን አሠራር ነው። ጣሪያው በውስጥ በኩል በቀለም ያጌጠ እንጨት ነው፤ ቀና ብሎ ያየ ሰው ቶሎ ዓይኑን አይነቅልም። ከኋላው የብዙ ሰው አፅም አለ፤ ሊሳለሙ መጥተው እዚያው ያረፉ ናቸው ይባላል።

ያ ሁሉ እንጨት ከ800 ዓመት በላይ እንዴት ቆየ? ዋሻው ከዝናብ ጋርዶታል። ካህናቱና ምእመናኑ ደግሞ ትውልድ እየተቀባበሉ ጠብቀውታል። በዙሪያው ያሉት ጥዶች ዛሬ የቆሙት የማገዶ ችግር ስላልነበረ አይደለም። ሰው ብርድ እየመታው የቤተ ክርስቲያን ዛፍ አልቆርጥም ስላለ ነው። ለእኔ ይሄ ከጣሪያው ሥዕል እኩል ቅርስ ነው።

የላሊበላ 11 አብያተ ክርስቲያናት እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ሲመዘገቡ የእኛው አልተካተተም። እንግዳው ላሊበላ ያድርና ለግማሽ ቀን ወደ እኛ ብቅ ይላል። እሱም ቢሆን ከኮሮና ወዲህ፣ ከዚያም በጦርነቱ፣ ቀረ። በቅሎ ያከራይ የነበረው፣ ያስጎበኝ የነበረው ወጣት ባዶ እጁን ቀርቷል። ችግር ሲጠና ደግሞ መጥረቢያው ወደ ጥዱ ይዞራል። የሚያስፈራኝ ይሄ ነው።

ስለዚህ ልመናዬ ግልጽ ነው። በየዓመቱ ለምንጣፍና ለመጋረጃ እንሰበስባለን፤ ደስ የሚል ነገር ነው። ዘንድሮ ግን ከሚዋጣው ግማሹ ለመንደሩ ይሁን። ለጥድ ችግኝ፣ ለደን ጠባቂ ደመወዝ፣ ማገዶ ለሚቆጥብ ምድጃ። ጥገና ያስፈልጋል የሚል ካለም፣ በቅን ልብ ቢሆንም፣ የቅርስ ባለሙያ ሳያየው ሲሚንቶ ይዞ አይሂድ። የተለሰነ ሲሚንቶ ማንሳት ከባድ ነው፤ አሮጌውን ልስን ይዞት ይወርዳል።

ለበዓሉ የምትወርዱ ደግሞ ተሳልማችሁ ወዲያው አትመለሱ። መንደር እደሩ። ከገበሬው ቤት ብሉ፣ ክፈሉም። የትኛው ዳገት እንደተራቆተ እነሱ ያሳዩአችኋል፤ ችግኙ የሚተከልበትን ቦታ ከእነሱ ጋር ወስናችሁ ኑ። የመዋጮ መዝገቡ በር ላይ ነው።

እግዚአብሔር ይስጥልኝ።