አሥር አሃዝ ሞላ ማለት የእሱ ቁጥር ነው ማለት አይደለም
የአድማጮች ጥያቄና መልስ

የዚህ ሳምንት የሬዲዮ ሰዓታችን ገንዘብ ከመላካችን በፊት የተቀባዩን ቁጥር እንዴት እናረጋግጥ በሚል ነበር። ስልኩ አላረፈም። ከደሴ፣ ከኮምቦልቻ፣ ከሐይቅ ደውላችኋል። ሰዓቱ ስላልበቃን የተነሡትን ጥያቄዎች ከነመልሳቸው እዚህ ጽፌያቸዋለሁ። የምታውቁኝ ታውቁኛላችሁ፤ አንድ ነገር ሳልደጋግም አላድርም። ዛሬም እላለሁ፦ ስሙን ሳታነቡ ፒን አትምቱ።

ከኮምቦልቻ፦ በቴሌብር ስልክ ቁጥሩን በ09 ልጀምር ወይስ በ251?

ያው ነው። በ09 ከጀመርክ 10 አሃዝ ይሆናል። በ251 ከጀመርክ ዜሮዋን ትተዋታለህ፣ 12 አሃዝ ይሆናል። 251 ጽፈህ ዜሮ ካስከተልክ ግን ተሳስተሃል።

ከደሴ ፒያሳ፣ ባለ ሱቅ፦ ዕቃ የሚያመጣልኝ ሰው የንግድ ባንክ ሒሳቡን ላከልኝ። ስቆጥረው 12 ነው። ልክ ነው?

አይደለም። የንግድ ባንክ ሒሳብ ቁጥር 13 አሃዝ ነው፤ በ1000 ይጀምራል። ሰው ብዙ ጊዜ የሚስተው ዜሮዎቹ ላይ ነው። ሦስቱ ዜሮ ሁለት ይሆኑና አንድ ይጎድላል። ነገር ግን "ዜሮ ነው የጎደለው" ብለህ ራስህ እንዳትሞላለት! ደውልለት፤ ቁጥሩን እያነበበ ይንገርህ፣ አንተም መልሰህ አንብብለት። የሌሎች ባንኮች ርዝመት የተለያየ ስለሆነ 13ን ለሁሉም መለኪያ አታድርግ። ከዚያ በኋላም ቢሆን ስሙን ሳታነብ ፒን አትምታ።

ከሰኞ ገበያ የደወሉ እናት፦ ልጄ፣ አዲስ አበባ ላለው ልጄ 3 ሺህ ብር ላክሁ። ቁጥሩን ወረቀት ላይ አጽፌ ይዤዋለሁ። የሚልክልኝ የሱቁ ልጅ ነው። ስልኬንም ፒኔንም እሰጠዋለሁ፣ ደግ ልጅ ነው። ብሩ ግን ለልጄ አልደረሰም። ቁጥሩን ብንቆጥረው አሥር ነው። ልክ ከሆነ ወዴት ሄደ?

እማማ፣ አብሽሩ። መጀመሪያ ዛሬውኑ የቴሌብር ደንበኞች መስመር 127 ላይ ያስደውሉ። ብሩ ሲላክ የመጣውን መልእክት ማንም እንዳያጠፋው። በውስጡ ያለው የግብይት ቁጥር ነው ነገሩን የሚያስገኘው። ነገ ዛሬ አይበሉ፤ የተቀበለው ሰው ብሩን ካወጣው በኋላ ነገሩ ይከብዳል።

አሁን ሌሎቻችሁም ስሙኝ፣ ይህ የእሳቸው ብቻ አይደለም።

"አሥር ነው፣ ስለዚህ ልክ ነው" የሚለው አስተሳሰብ ብዙ ሰው አስበልቷል። አሥር መሆኑ የሚነግራችሁ ነገር ቢኖር ቁጥሩ የስልክ ቁጥር እንደሚመስል ነው። የማን እንደሆነ አይናገርም። 47 የነበረውን 74 ብላችሁ ጻፉት እንበል። አሁንም አሥር ነው። አሁንም በ09 ይጀምራል። ቴሌብርም አይከለክላችሁም፤ 74 ያለበት ቁጥርም የሆነ ሰው ነዋ! ያ ሰው ጅማ ይሁን ጎንደር አይታወቅም፤ ቁጭ ባለበት 3 ሺህ ብር ዱብ ይልለታል።

ሁሉም ቁጥር እንዲህ አይደለም። የኤቲኤም ካርዳችሁን አውጡና የመጨረሻዋን አሃዝ እዩ። እሷ ዝም ብላ የተቀመጠች አይደለችም። ከፊቷ ካሉት አሃዞች ተሰልታ የወጣች ናት። ከመካከል አንዷን አሃዝ ብትስቱ ስሌቱ አይገጥምምና ማሽኑ ወዲያው "ስህተት" ይላል። የስልክ ቁጥር ግን እንዲህ ዓይነት መፈተሻ የለውም። ስለዚህ መፈተሻው ስሙ ነው። ቁጥሩን ስታስገቡ የተቀባዩ ስም ይመጣል። እሱን የሚያነብ ስንቱ ነው? ሁሉም "እሺ፣ እሺ፣ እሺ" እያለ ይጫንና ፒኑ ላይ ይደርሳል።

ስታነቡም ሙሉውን አንብቡ። "ሰይድ ይላል፣ እሱ ነው" አትበሉኝ። ፒያሳ ላይ ቆማችሁ "ሰይድ!" ብላችሁ ብትጣሩ ግማሹ መንገደኛ ዞር ይላል። የአባቱን ስም እዩ። ስሙ ብዙ ጊዜ በእንግሊዝኛ ፊደል ነው የሚወጣው፤ ለእናቶች እንደሚያስቸግር አውቃለሁ። እንግዲያው እማማ፣ የሱቁ ልጅ ጮክ ብሎ ያንብብልዎት። "ማነው የሚለው? የማን ልጅ?" ብለው ይጠይቁት። ልክ ከሆነ ስልኩን ይቀበሉትና ፒኑን በራስዎ ጣት ይምቱ። 6 ቁጥር ነው፤ ዓይን ቢደክም እንኳ ጣት ይለምደዋል።

እዚህ ላይ ልቆጣ ነው፣ ይቅር በሉኝ። ደግ ልጅ ነው ይሉኛል። ይሁን፣ ደግ ነው። ነገር ግን ሱቁ ውስጥ ወረፋ አለ፣ ሌላው ስኳር ይጠይቀዋል፣ ሌላው መልስ ይጠብቃል። ልጁ የእርስዎን ቁጥር በጥድፊያ ነው የሚጽፈው። ስሙ ሲመጣም ልጅዎን አያውቀውም፤ "ከበደ" ቢል "አሊ" ቢል ለእሱ ያው ነው። ስሙን ማወቅ የሚችሉት እርስዎ ብቻ ሆነው ሳለ ፒኑን እሱ መታው። ነገ ደግሞ ልጁ ሥራ ይለቅና ሌላ ይተካል። ፒንዎን ስንት ሰው አወቀው? ዛሬውኑ ይቀይሩት። በ*127# ገብተው ይቀየራል፤ ልጅዎ ወይም የልጅ ልጅዎ ያግዝዎት፣ አዲሱን ፒን ግን እነሱም አይዩት። ቅር አይላቸውም፤ ቢላቸውም ይላቸው።

ከዚሁ ጋር አንድ ነገር ልጨምር። ወረቀት ላይ ያለ የድሮ ቁጥር አትመኑ። ሰው ዓረብ አገር ሲሄድ ሲሙን ይተዋል። ለረጅም ጊዜ ያልሠራ ቁጥር ለሌላ ሰው ሊሰጥ ይችላል። አሃዙ አልተሳሳተም፣ ወረቀቱም አልተሳሳተም፣ ባለቤቱ ግን ተቀይሯል። ይህንንም የሚያጋልጠው ስሙ ነው። ብሩ በዛ ያለ ከሆነ መጀመሪያ 10 ብር ላኩ፤ "ደርሶኛል" ብሎ ራሱ ሲደውል ቀሪውን ላኩ። በዚያኛው በኩል የሚመልሰው ድምፅ የምታውቁት መሆኑን ደግሞ አትርሱ።

ከሐይቅ፦ እህቴ ጂዳ ናት። በባንክ ልትልክልኝ ስትል አይባን አምጪ ተባለች። ባንክ ብሄድ የለንም አሉኝ። ማን ነው የሚዋሸው?

ማንም አልዋሸም። አይባን የብዙ አገር ባንኮች የሚጠቀሙበት የተስተካከለ የሒሳብ አጻጻፍ ነው። የሳዑዲው 24 ምልክት ነው፣ የኤምሬትሱ 23። መጀመሪያ ሁለት የአገር ፊደል ይመጣል፣ ከዚያ ሁለት የመፈተሻ አሃዝ። የመፈተሻ ስሌቱ በ97 በማካፈል ነው የሚሠራው፤ አንድ አሃዝ ብትስት ወይም ሁለት ጎረቤት አሃዞች ቦታ ቢለዋወጡ ይይዘዋል። እንዲህ ያለ ነገር ለስልክ ቁጥራችንም ቢኖር እኔ ግማሽ ሥራዬን አጣ ነበር።

የእኛ ባንኮች ግን በአይባን አይሠሩም። ስለዚህ ለእህትሽ ሦስት ነገር ስጫት፦ የሒሳብ ቁጥርሽን፣ ሙሉ ስምሽን ደብተሩ ላይ እንዳለው፣ የባንኩን ስዊፍት ኮድ፣ ማለትም ከውጭ ገንዘብ ሲላክ ባንኩ የሚለይበትን መለያ። ስዊፍት ኮድ 8 ወይም 11 ምልክት ነው። 5ኛውና 6ኛው ፊደል አገሩን ይናገራል፤ የእኛ ኢ እና ቲ መሆን አለበት። ለምሳሌ የንግድ ባንክ ኮድ ሲ፣ ቢ፣ ኢ፣ ቲ፣ ኢ፣ ቲ፣ ኤ፣ ኤ ነው። "አይባን እኔ እሠራልሻለሁ" የሚል የቴሌግራም ሰው ከመጣ ዝጊው። የቀረውን ቅርንጫፍ ሄደሽ ጠይቂ።

ከኮምቦልቻ፣ የፋብሪካ ሠራተኛ፦ ብር ሊልክልኝ ላለ ሰው የካርዴን ፎቶ ላክሁለት። ካርዱ ላይ ያለው 16 ቁጥር ሒሳቤ አይደል?

አይደለም! ካርድ ቁጥር ሌላ፣ ሒሳብ ቁጥር ሌላ። የካርድ ፎቶ ለማንም አይላክም፤ የፊቱም የጀርባውም። አሁኑኑ ባንክህ ደውለህ ካርዱን አዘጋ። የንግድ ባንክ ከሆነ 951 ነው። ይህን አንብበህ ሳትጨርስ ደውል።

ከደሴ፣ ወጣት፦ በኦንላይን ሥራ ሠርቼ በዩኤስዲቲ (ዋጋው ከዶላር ጋር የተያያዘ የኢንተርኔት ገንዘብ) ሊከፍሉኝ ነው። የዋሌት (የኢንተርኔት ገንዘብ ቦርሳ) አድራሻዬ ልክ መሆኑን እንዴት ልወቅ?

መጀመሪያ ሕጉን ልንገርህ፤ ብሔራዊ ባንክ በ2014 ዓ.ም ባወጣው ማሳሰቢያ በክሪፕቶ፣ ማለትም እንዲህ ባለ የኢንተርኔት ገንዘብ፣ መገበያየት ሕጋዊ እንዳልሆነ ተናግሯል። አሁን ያለበትን ሁኔታ ሳትጠይቅ አትግባ። "ጓደኛዬ ይሠራል" መልስ አይሆንህም።

ስለ ቅርጹ ከጠየቅኸኝ፣ አድራሻው ገንዘቡ በሚሄድበት መስመር (ኔትወርክ) ይለያያል። የትሮን መስመር አድራሻ በቲ ፊደል ይጀምራል፣ 34 ምልክት ነው። የኢቴሪየም ደግሞ በዜሮና በኤክስ ይጀምርና 40 ምልክት ይከተለዋል። የቢትኮይን የድሮው አድራሻ በ1 ወይም በ3 ይጀምራል። በድሮው አጻጻፍ ዜሮ፣ ትልቁ ኦ፣ ትልቁ አይ እና ትንሹ ኤል ሆን ተብሎ አይገቡም፤ ሰው እንዳያምታታቸው። በውስጡም መፈተሻ ስላለው አንድ ፊደል ከሳትክ ዋሌቱ አልቀበልም ይላል።

ታዲያ ደህና ነኝ ብለህ አትተኛ። የኢቴሪየምና ቢኤንቢ የሚባለው የሌላ መስመር አድራሻ ቅርጹ አንድ ነው። ዋሌቱ "ልክ ነው" ይልሃል፣ መስመሩ ግን ሌላ ሊሆን ይችላል። ሌባ ደግሞ የመጀመሪያዎቹና የመጨረሻዎቹ ፊደላት ከአንተ ጋር የሚመሳሰሉ አድራሻ ሠርቶ ጥቂት ሳንቲም ይልክና የዝውውር ታሪክህ ውስጥ ይደበቃል። በኋላ አንተ ከታሪክህ ኮፒ ስታደርግ የእሱን ትወስዳለህ። ስለዚህ ዳር ዳሩን ብቻ ሳይሆን መሐሉንም አመሳክር። እዚህ ደግሞ የሚነበብ ስም የለም፤ በስህተት ከሄደ የምትደውልበት 127ም የለም። እኔ ብሆን ቀጣሪውን በባንክ ክፈለኝ እለዋለሁ።

ከፒያሳ፦ ካፌ ውስጥ የተለጠፈውን ኪውአር ስካን አድርጌ ብከፍል ችግር አለው?

የለውም። ስካን ካደረግሽ በኋላ የሚመጣው ስም የካፌው መሆኑን እዪ። ላዩ ላይ ሌላ ወረቀት ተለጥፎበት ከሆነ አስተናጋጁን ጥሪው።

ከኮምቦልቻ፦ "5 ሺህ ብር ገብቶልሃል" የሚል መልእክት መጣ። ወዲያው አንድ ሰው ደውሎ "በስህተት ነው፣ ለእናቴ መድኃኒት ነበር፣ መልስልኝ" አለኝ። ልመልስ?

አትመልስ። ቀሪ ሒሳብህን ራስህ ገብተህ እይ። መልእክቱ ከማን ስልክ እንደመጣ እይ። ብዙ ጊዜ ብሩ ጭራሽ አልገባም፤ መልእክቱን ሰውየው ራሱ ጽፎ ነው የላከው። በእውነት ገብቶ ከሆነም "በሕጋዊ መንገድ ያስመልሱ፣ እኔ አልነካውም" በለው። እናቱ የታመመች እውነተኛ ሰው ከሆነ 127 ላይ ይደውላል፣ ወይም ባንኩ ይሄዳል። ሌባ ከሆነ ይሰድብህና ይዘጋል። የወሎ ሰው ልቡ ቶሎ ይራራል፤ ይህን ሌቦቹም ያውቃሉ።

ከደሴ፣ ስማቸውን ያልገለጹ አባት፦ ብሬ በስህተት የሄደለትን ሰው አገኘሁት። አልመልስም አለ። ምን ላድርግ?

አባባ፣ ሄደው እንዳይጣሉ። በስህተት የተከፈለ ገንዘብ እንዲመለስ መጠየቅ መብትዎ ነው፤ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ይፈቅድልዎታል። ማስረጃዎ የግብይት ቁጥሩና የሒሳብ መግለጫዎ ነው። መግለጫውን ከባንኩ ማኅተም ያለበት አድርገው ይውሰዱ። ከዚህ በኋላ ያለው የእኔ ሙያ አይደለም፤ ወረቀቱን ይዘው ጠበቃ ያማክሩ።