«ኩኩሉ!» «አልነጋም!»፦ የስፕሊንተር ሴል ወዳጆች ለምን ተጣሉ?

ቤቲ፦ ሰላም ናችሁ? ዛሬ እንግዳ የለንም። እኔና ዮናስ ብቻ ነን፣ ልንጣላ ነው የመጣነው።

ዮናስ፦ ኧረ እኔ በሰላም ነው የመጣሁት።

ቤቲ፦ ማይኩ ሳይከፈት ያልከውን እስቲ ድገመው።

ዮናስ፦ (ይስቃል) ከስፕሊንተር ሴል ሁሉ የምወደው ኮንቪክሽንን ነው አልኩ። ምን አጠፋሁ?

ቤቲ፦ በቃ፣ ሰምታችኋል። ጌሙን ለማታውቁት ትንሽ ልንገራችሁ፤ ዓመቱን በፈረንጅ ነው የምጠራው። የመጀመሪያው ስፕሊንተር ሴል የወጣው በ2002 ነው፣ የዩቢሶፍት የሞንትሪያል ስቱዲዮ ነው የሠራው። ሳም ፊሸር የሚባል፣ ዕድሜው ገፋ ያለ አሜሪካዊ ሰላይ አለ። በጨለማ የሚያሳይ፣ ሦስት አረንጓዴ መብራት ያለው መነጽር ያደርጋል። ሥራው መዋጋት አይደለም። ገብቶ፣ የሚፈልገውን ወስዶ፣ ማንም ሳያየው መውጣት ነው። ልጅ ሆነን ድብብቆሽ ስንጫወት «ኩኩሉ» ሲሉን «አልነጋም» እንል የለ? ጌሙ በሙሉ እሱ ነው። ሳም ዕድሜ ልኩን አልነጋም ሲል ነው የኖረው።

ዮናስ፦ የእኔ ችግር የሚጀምረው እዚያው ላይ ነው። መጀመሪያ የተጫወትኩት ሰፈር ጌም ቤት፣ ፕሌይስቴሽን 2 ላይ ነው። ሂሳቡ በሰዓት ነው። ከኋላዬ ኳስ ለመጫወት ተራ የያዙ አምስት ልጆች ቆመዋል። እኔ ደግሞ ብሬን ከፍዬ፣ ጨለማ ጥግ ውስጥ ቁጢጥ ብዬ፣ አንድ ጠባቂ ፊቱን እስኪያዞር እጠብቃለሁ። «ብራዘር፣ ጌሙ ቆሟል እንዴ?» ይሉኛል። አልቆመም ባካችሁ፣ ተደብቄ ነው! ከዚያ ማንቂያው ለሦስተኛ ጊዜ ጮኸ፣ ሚሽኑ ተበላሸ፣ ሰዓቴም አለቀ።

ቤቲ፦ (ትስቃለች) ታዲያ ቂምህ የሂሳብ ነዋ።

ዮናስ፦ የሂሳብ ነው! ኮንቪክሽን ግን ሌላ ነገር ነው። በ2010 ለኤክስቦክስ 360ና ለኮምፒውተር ወጣ፣ እኔ ጋ ዘግይቶ በጓደኛዬ ላፕቶፕ ደረሰ። ሳም መሥሪያ ቤቱን ጥሎ ወጥቷል። ልጁ ሳራ ሞታለች ብለውታል፣ ገዳዮቿን እየፈለገ ነው፣ ደሙ ፈልቷል። መረጃ የሚፈልግበትን ሰውዬ ሽንት ቤት ውስጥ ከመታጠቢያው ጋር እያላተመ ነው የሚያናግረው። አንዱን ጠባቂ በእጅህ ከጣልክ ደግሞ የሌሎቹን ጭንቅላት ምልክት አድርገህ በአንድ ቁልፍ ታረግፋቸዋለህ። ድሮ ሳም ይፈራ ነበር። እዚህ ሌላው እሱን ይፈራዋል።

ቤቲ፦ እኛንም ያበሸቀን እሱ ነው። ድሮ እኮ ምን ያህል ብርሃን ላይ እንዳለህ የሚያሳይ መለኪያ ስክሪኑ ላይ ነበር፤ ዓይንህ ከእሱ አይነቀልም። በ2005 የወጣው ኬኦስ ቲዮሪ ደግሞ የድምፅ መለኪያ ጨመረ። አካባቢው የሚያሰማው ድምፅ አለ፣ አንተ የምታሰማው አለ፣ ያንተ ከአካባቢው እስካልበለጠ ድረስ አትሰማም። ስለዚህ ጄኔሬተር የሚጮህበት ክፍል ውስጥ ፈጠን ማለት ትችላለህ፣ ጸጥ ያለ ኮሪደር ላይ ግን እንደ ድመት ነው የምትረግጠው። ታፏጫለህ፣ ጠባቂው «ማነው?» ብሎ ይመጣል፣ ይዘህ ታስተኛዋለህ፣ ተሸክመህ ጨለማ ውስጥ ትደብቀዋለህ። ኮንቪክሽን ላይ ፉጨት የለም። ማስተኛት የለም፣ መግደል ብቻ። ሬሳ ተሸክሞ መደበቅም የለም።

ዮናስ፦ እሺ፣ ሬሳው ላይ ልክ ነሽ።

ቤቲ፦ መለኪያውንም አነሱት። በእሱ ፋንታ ስትደበቅ ስክሪኑ ጥቁርና ነጭ ይሆናል። ዋሽንግተንን በማታ እንደዚያ አሳምረው ሠርተውልን፣ ግማሹን ሰዓት እንደ ድሮ ቴሌቪዥን ቀለም አልባ አየነው!

ዮናስ፦ (ይስቃል) ቆይ፣ እኔም ልናገር። ሲያዩህ ነጭ ጥላህ እዚያው ይቀራል፣ ትዝ ይልሻል? መጨረሻ የታየህበት ቦታ ላይ። ጠባቂዎቹ አለ ብለው ጥላውን ይከባሉ፣ ይተኩሳሉ፣ አንተ ዞረህ በጀርባቸው ትመጣለህ። ይሄ ድብብቆሽ አይደለም? እንዲያውም ከቁጢጡ የበለጠ ድብብቆሽ ነው! ደግሞ ለሁለት የሚጫወቱት ታሪክ አለ፣ የአርቸርና የኬስትረል የሚባሉ ሌሎች ሰላዮች። እሱን እኮ ኮንቪክሽንን የጠሉት ራሳቸው ይወዱታል።

ቤቲ፦ ጥላውን እሰጥሃለሁ፣ ጎበዝ ሐሳብ ነው። የሁለቱንም እሰጥሃለሁ። ግን ለውጥ ጠልተሽ ነው የምትሉኝ ነገር ያናድደኛል። አንተን ጌም ቤት ያዋረደህ ማንቂያ አለ አይደል? እሱን ያስቀረው ኮንቪክሽን መሰለህ? ኬኦስ ቲዮሪ ነው! እዚያ ላይ ማንቂያው ቢጮህ ሚሽኑ አይቋረጥም። ጠባቂዎቹ ጥይት መከላከያና ሄልሜት ያደርጋሉ፣ ነገሩ ይከብድሃል፣ ትቀጥላለህ። ትልቅ ለውጥ ነው፣ ግን ዛሬም ምርጡ የቱ ነው ብትል አብዛኛው ሰው ኬኦስ ቲዮሪን ነው የሚጠራልህ። የስህተትህን ዋጋ ነው የቀነሱት፣ መደበቁን አልነኩም። በኮንቪክሽን ግን ጨለማ ውስጥ የምትገባው ማንን ልምታ ብለህ ነው።

ዮናስ፦ እሱን አላሰብኩትም ነበር።

ቤቲ፦ ጻፈው።

ዮናስ፦ (ይስቃል) አንድ ነገር ግን አትርሺ። ኮንቪክሽን መጀመሪያ ሌላ ጌም ነበር። በ2007 ሲያሳዩት ሳም ጸጉሩን አሳድጎ፣ ጺሙን አጎፍሮ፣ በጠራራ ፀሐይ ሰው መሃል ተቀላቅሎ ነበር የሚደበቀው። ያኔም «ይሄ ምን ሳም ነው፣ ለማኝ አስመሰላችሁት» ያለ ነበር። ደግሞ እዚያው ኩባንያ፣ እዚያው ዓመት አሳሲንስ ክሪድ ወጣ፣ እሱም ሰው መሃል መደበቅ ነው። ከዚያ ያንን ሥራ ትተው እንደ አዲስ ጀመሩት። አሁን ደግሞ «ምናለ ያኛውን ባወጡልን» የሚል አይጠፋም። እናንተ ሰዎች ምን ቢያደርጉላችሁ ደስ ይላችኋል?

ቤቲ፦ ብላክሊስት።

ዮናስ፦ እንዴ! ብላክሊስትን ትወጃለሽ?

ቤቲ፦ እወዳለሁ። በ2013 የቶሮንቶው ስቱዲዮ ነው የሠራው። ፉጨቱም ማስተኛቱም ተመለሰ፣ ሬሳም ትሸከማለህ። ስትደበቅ ስክሪኑ አይነጣም፤ ልብሱ ላይ ያለው መብራት ነው የሚበራው፣ ዓለሙ ቀለሙን እንደያዘ ይቀራል። ከፍተኛውን የክብደት ደረጃ ከመረጥክ ያቺ በአንድ ቁልፍ ሁሉንም የምታረግፈው ነገር ትጠፋለች።

ዮናስ፦ እኔ ደግሞ እሱን ነው ያልወደድኩት። ቢያንስ ኮንቪክሽን ምን እንደፈለገ ያውቃል። ብላክሊስት ሦስት ዓይነት ነጥብ ይሰጥሃል፤ ሳትታይ ላለፍክ፣ ተደብቀህ ለገደልክ፣ በግልጽ ለተዋጋህ። ሁላችሁም ብሉ ነው። የጾምና የፍስክ ወጥ በአንድ ትሪ አቅርበው «የሚሆንህን ምረጥ» እንደማለት። ወጡ እኮ ይፈሳል ቤቲ!

ቤቲ፦ (ትስቃለች) ይፈሳል፣ እውነት ነው። የሳም ባልደረባ የብሪግስ ቦታ ላይ ፈሷል። እስከዚያ ሰው ሳልነካ መጥቼ፣ ድንገት በብሪግስ ዓይን እያየሽ ተኩሺ አሉኝ። ያን ቀን ጆይስቲኩን ሶፋው ላይ ወርውሬ ሻይ ላፈላ ሄድኩ።

ዮናስ፦ ድምፁስ?

ቤቲ፦ ድምፁን ተወው፣ ቁስሌን አትንካ።

ዮናስ፦ ለሰሚዎቻችን፦ ከመጀመሪያው እስከ ኮንቪክሽን የሳም ድምፅ ማይክል አይረንሳይድ ነው። ያ ጠጠር ላይ እንደሚሄድ ጎማ የሚንኮሻኮሽ ድምፅ። ለብላክሊስት ኤሪክ ጆንሰንን አመጡ፣ ድምፁንም እንቅስቃሴውንም አንድ ሰው እንዲሠራው ብለው።

ቤቲ፦ ልጁ አልበደለም፣ በደንብ ሠርቷል። ግን ሰው በሦስት ዓመት ያረጃል እንጂ እንዴት ያንሳል? ሳም ወጣት ሆኖ መጣ! የድሮው ሳም ቀልዱ ራሱ የሰለቸው ሰው ቀልድ ነበር። ጠባቂውን አንገቱን ይዞ ቀስ ብሎ ሲያላግጥበት፣ ይሄ ሰውዬ ሥራው ሰልችቶታል፣ ግን ከእሱ የሚሻል የለም ትላለህ። ያ ዕድሜ ይፈልጋል።

ዮናስ፦ ብላክሊስት ሽያጩም የጠበቁትን ያህል አልሆነም። ከዚያ በኋላ ዝም ነው። በ2018 ግን አይረንሳይድ ተመልሶ ነበር፣ በሌላ ጌም፣ በጎስት ሪኮን ዋይልድላንድስ ውስጥ።

ቤቲ፦ እሱን ቦታ ስንቴ አይቼዋለሁ መሰለህ! ሬዲዮ ላይ ስለ አንድ ራሱ ላይ ጨርቅ ስለሚያስር ሰው ለሳም ይነግሩታል፣ እሱም ጡረታ ወጣ ይሉታል። የሌላኛውን የድብብቆሽ ጌም፣ የሜታል ጊር ሶሊድን ጀግና ስኔክን ማለታቸው ነው። ከዚያ ሳም ትንሽ ዝም ይልና «እንግዲያው የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ» ዓይነት ነገር ይላል። አልቅሻለሁ፣ አልዋሽም።

ዮናስ፦ በ2021 መጨረሻ ደግሞ የመጀመሪያውን እንደ አዲስ እየሠራን ነው አሉ፣ የቶሮንቶው ስቱዲዮ። ክፍት ዓለም አይደለም፣ እንደ ድሮው ነው ብለዋል።

ቤቲ፦ መለኪያውን ብቻ ይመልሱልኝ። አንተስ?

ዮናስ፦ እኔ ጥላዬን እፈልጋለሁ። ማንቂያውን ግን እንዳይመልሱብኝ።

ቤቲ፦ እሺ፣ የቤት ሥራ ልስጥህ። ለሚቀጥለው ሳምንት የኬኦስ ቲዮሪን የመጀመሪያ ሚሽን ትጫወታለህ፣ የፔሩን የመርከብ መብራት ማማ። ማታ ነው፣ ዝናብ አለ። ማንንም ሳትነካ ትወጣለህ። መጨረሻ ላይ የሚሰጥህን ፐርሰንት ፎቶ አንስተህ ታመጣልኛለህ።

ዮናስ፦ በሰዓት የሚያስከፍለኝ የለም አይደል?

ቤቲ፦ ቤትህ ነው ያለኸው።

ዮናስ፦ አምፖል መስበርስ ይፈቀዳል?

ቤቲ፦ አምፖል ይፈቀዳል።

ዮናስ፦ እንግዲያው መብራት እስኪጠፋ ልጠብቅና በጨለማው... አይ፣ ለካ ኮምፒውተሩም አብሮ ነው የሚጠፋው።