የፒቸሩ ክርን

ሰላም፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለም፤ እኔና እናንተ ነን። በቤዝቦል ኳስ ወርዋሪው፣ ፒቸሩ ማለት ነው፣ እንዴት ሜጀር ሊግ፣ የአሜሪካው ከፍተኛ ሊግ፣ እንደሚደርስ ላውራችሁ። ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠራቸው።

የወጣት ፒቸር ወሬ ሲነሳ ቀድሞ የሚጠራው ፖል ስኪንስ ነው። በ2023 ድራፍት፣ ክለቦች ወጣት ተጫዋቾችን በየተራ በሚመርጡበት፣ ፒትስበርግ አንደኛ አድርጎ መረጠው፤ ለፊርማው ብቻ 9.2 ሚሊዮን ዶላር ተከፈለው፤ ዓመት ሳይሞላው ሜጀር ሊግ ገባ። ያስቀናል። ለወላጅ ግን መጥፎ ምሳሌ ነው፤ እንዲህ ያለ ልጅ ስንት ዓመት ተጠብቆ ነው የሚገኘው። እኔ የማስቀድመው የጄኮብ ዲግሮምን መንገድ ነው።

ዲግሮም ፍሎሪዳ ውስጥ ስቴትሰን ዩኒቨርሲቲ ሲጫወት ሾርትስቶፕ ነበር፤ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቤዝ መካከል የሚቆመው ተከላካይ ማለት ነው። መወርወር የጀመረው በሦስተኛ ዓመቱ ነው። በ2010 የኒው ዮርክ ሜትስ በዘጠነኛው ዙር፣ በ272ኛ ተራ ወሰዱት። ታችኛው ሊግ ላይ ጥቂት ጨዋታ እንዳደረገ የክርኑ ጅማት ተጎዳና በዚያው ዓመት ቀዶ ሕክምና ገባ።

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ነገሩ ሁሉ ያለው ክርኑ ላይ ነውና። ፒቸሩ የሚቆምበት ጉብታ 25 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ይላል፤ መቺው ከሚቆምበት ከሆም ፕሌት 18.44 ሜትር ይርቃል። 145 ግራም ገደማ የምትመዝነው ኳስ በሰዓት 153 ኪሎ ሜትር ስትወረወር ያንን በ0.4 ሰከንድ ገደማ ትጨርሰዋለች። ክንዱ ወደ ኋላ ተቆልምሞ ወደ ፊት ሊወነጨፍ ሲል የክርኑን የውስጥ ጎን የሚለጥጠው ኃይል ጅማቱ ብቻውን ሊሸከም የሚችለው ጫፍ ላይ ይደርሳል። የሚያግዙት የክንድ ጡንቻዎች ናቸው። እነሱ ሲዝሉ ጅማቱ ብቻውን ይቀራል። ስለዚህ እኔን ከፍጥነቱ ይልቅ የሚያስፈራኝ ደክሞት መወርወሩ ነው።

ቁጥር የሚቆጠረውም ለዚህ ነው። ፒች ስማርት የሚባለው መመሪያ ለ11 እና ለ12 ዓመት ልጅ በቀን 85 ውርወራ፣ ከ13 እስከ 16 ላለው 95፣ ለ17 እና ለ18 ደግሞ 105 ይፈቅዳል። የ15 ዓመት ልጅ ከ30 ካለፈ ቢያንስ አንድ ቀን ያርፋል፤ 76 ከደረሰ አራት ቀን። በዓመት ቢያንስ አራት ወር ከፒቸርነት ይርቃል፤ ከዚያ ውስጥ ሁለት ሦስቱን ወር በተከታታይ ኳስ ጨርሶ አይወረውርም።

ይህን የሚያፈርሰው አብዛኛውን ጊዜ ክፉ አሠልጣኝ አይደለም። ልጁ ለትምህርት ቤቱም ለክለቡም ይጫወታል፤ ማክሰኞ ለአንዱ 60፣ ሐሙስ ለሌላው 70 ይወረውራል፤ አሠልጣኞቹ የየራሳቸውን ብቻ ይቆጥራሉ። ማሟሟቂያውንማ የሚቆጥረው የለም። ሜሪላንድም ሆነ ቨርጂኒያ ፒቸር ልጅ ያላችሁ፣ ደብተሩ እናንተ ዘንድ ይሁን፦ ቀኑ፣ ቡድኑ፣ የወረወረው ብዛት፣ በማግስቱ የቱ ጋ እንደሚያመው። የክርኑ የውስጥ ጎን ካመመው በረዶ ይዞበት ወደ ሜዳ መመለስ የለም፤ ሐኪም ዘንድ ነው።

ቀዶ ሕክምናው ቶሚ ጆን ይባላል፤ ዶክተር ፍራንክ ጆብ በ1974 መጀመሪያ ባደረገለት ተጫዋች ስም። አብዛኛውን ጊዜ ከእጅ አንጓ በኩል ጅማት ይወሰድና በአጥንቱ ላይ በተበሱ ቀዳዳዎች ውስጥ ይሾለካል። ለመመለስ ከ12 እስከ 18 ወር ይፈጃል። ከወራት በኋላ ውርወራ የሚጀመረው ከ14 ሜትር ገደማ ነው፦ 25 ውርወራ በቀስታ፣ ዕረፍት፣ እንደገና 25። ካላመመው ርቀቱ ደረጃ በደረጃ እስከ 55 ሜትር ያድጋል፤ ጉብታው ላይ መውጣት ከዚያ በኋላ ነው። «ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ይፈጥናል» እያሉ ጤነኛ ልጅ ለማስቀደድ የሚጠይቁ ወላጆች አሉ። አይፈጥንም። የሚፈጥን ካለ፣ ዓመት ሙሉ እግሩንና ትከሻውን ስላጠናከረ ነው።

ዲግሮም 2011ን ሙሉ አልተጫወተም። ግን ሥራ አልፈታም፤ ከጉዳት እያገገመ ከነበረው ከሌላው የሜትስ ፒቸር ከዮሃን ሳንታና ቼንጅአፕ ተማረ። ቼንጅአፕ መቺውን የምታታልል ኳስ ናት። ክንዱ እንደ ፋስትቦል፣ እንደ ፈጣኗ ውርወራ፣ ይፈጥናል፤ ኳሷ ግን ወደ መዳፍ ጠልቃ ስለምትያዝ በሰዓት 13 እስከ 16 ኪሎ ሜትር ቀንሳ ትመጣለች። ጀማሪው የሚሳሳተው እዚህ ነው፦ ኳሷን ለማዘግየት ክንዱን ራሱን ያዘገያል። መቺው ያንን ካየ አለቀ፣ ሆምራን ነው፤ ኳሷን ከሜዳ ውጭ ይሰዳታል።

ከዚያ በኋላ ያለው የታችኛው ሊግ መሰላል ረጅም ነው፤ ከታች ወደ ላይ፦ ሩኪ፣ ሲንግል ኤ፣ ሃይ ኤ፣ ደብል ኤ፣ ትሪፕል ኤ። በ2023ቱ የታችኛው ሊግ ተጫዋቾች ስምምነት ሲንግል ኤ ላይ የዓመት ደመወዝ 26,200 ዶላር፣ ትሪፕል ኤ ላይ 35,800 ሆነ። ሜጀር ሊግ ላይ በ2024 ትንሹ 740,000 ነበር። በሩ ግን ጠባብ ነው፤ ክለቡ በአብዛኛው የውድድር ዘመን ከሚይዛቸው 26 ተጫዋቾች ፒቸሮቹ ከ13 አይበልጡም። አንዱ ሲጎዳ ነው ቦታ የሚገኘው። ዲግሮምም በሜይ 2014 የተጠራው ለመጠባበቂያነት ነበር፤ ጨዋታውን የሚጀምረው ፒቸር ሲጎዳ እሱ ገባ። ያንኪስን ገጥሞ በሰባት ኢኒንግ፣ በሰባት የጨዋታ ዙር ማለት ነው፣ አንድ ነጥብ ብቻ ሰጠ፤ ቡድኑ 1 ለ 0 ተሸነፈ። በዚያው ዓመት የናሽናል ሊግ ምርጥ አዲስ ተጫዋች ተባለ፤ በ2018 እና በ2019 የምርጥ ፒቸር ሽልማቱን፣ ሳይ ያንግን፣ ወሰደ።

ስለ ውል አንድ ነገር ልጨምር። ከሃይስኩል ተመርጦ ሳይፈርም የአራት ዓመት ኮሌጅ የገባ ልጅ፣ ሦስተኛ ዓመቱን እስኪጨርስ ወይም 21 እስኪሞላው ድራፍት አይገባም። የሁለት ዓመት ኮሌጅ ከገባ ግን በየዓመቱ ሊመረጥ ይችላል። መፈረም ከመረጠም፣ ወደፊት ሲማር ክለቡ የኮሌጅ ወጪውን እንዲሸፍንለት ውሉ ላይ ማስጻፍ ይቻላል። የሚጠየቀው ግን ከፊርማው በፊት ነው።